ሦስቴ የተቋጠረ ፌስታል

ኦቦ ዲሪርሳ ጠዋት የሞተችባቸውን ላም ጨጓራ በቢላዋ ሲሰነጥቁት፣ የሱሉልታ ነፋስ እንኳ ያልበተነው ሽታ ጎረቤታቸውን እልፍነሽን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መለሳት። "እግዜር ይተካ" አለች ከዚያው ሆና። ከፈርሱ መሀል ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠቅልሎ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድቡልቡል ሆኖ ወጣ።

"በስመአብ! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚጥል?" አለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ። "ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ምን ይከብዳል?"

ሽማግሌው ከድቡልቡሉ አንዱን ፌስታል መዘው ሣሩ ላይ አኖሩት። አፉ በቀይ ብጣሽ ጨርቅ ሦስቴ ተቋጥሯል። ልብስ ስትሰፋ በሚተርፋት ብጣሽ፣ የምግብ ትራፊ በፌስታል ቋጥራ በአጥር ላይ የምትወረውረው እሷ ነበረች። ቋጠሮው እንኳን አልላላም። የገዛ ጣቶቿ አስጠሏት።

"ኦቦ ዲሪርሳ፣ እኔ..."

"አውቃለሁ" አሉ፣ ቢላዋውን በሣር እየጠረጉ። "አምና ጊደሬን ሳርድም ይሄንኑ ቋጠሮ አግኝቻለሁ። ጎረቤት ናት፣ አላሳፍራት ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው፣ ላሜን ይሉኝታዬ ገደላት።"