የዓርቡ ሳጥን

ገብረአብ ዓርብ ዓርብ የጥቆማ ሳጥኑን ሲከፍት በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ ጸሐፊ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ከእሱ አንገት አይወርድም፤ ይህ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው።

ሥራው መለየት ነበር። ሰው ሰውን የከሰሰበትን ወረቀት ሁሉ እያነበበ በሦስት ይከፍለዋል። የባልና ሚስት ጠብ፣ የዶሮ ስርቆት፣ የድንበር ጭቅጭቅ ለሊቀመንበሩ ይሄዳል። የአብዮት ነገር ያለበት ለካድሬው። «እገሊት ቡዳ ናት» የሚለው ዓይነት ደግሞ እሳት ይበላዋል። ካድሬው ገብረአብ ለይቶ ካልሰጠው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አያነብም። ስንፍናው ስንቱን ሰው አትርፏል መሰላችሁ!

በ1977 ጥቅምት ላይ ግን ከሦስቱም የማይመደብ ወረቀት መጣ።

«ነገ የጭድ ክምር ሁሉ ይፈተሽ። ከአንዱ ክምር ውስጥ ሰው ሲያስል ተሰምቷል።»

የጻፈው ሰው ስም የለበትም፤ የማን ጭድ እንደሆነም አይናገርም። ገብረአብ ግን ወዲያው ገባው። የሚያስለው ታናሽ ወንድሙ ዘርአ ዳዊት ነዋ! የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ከመጣ ጀምሮ በገዛ ጭዳቸው ውስጥ ደብቆታል። ቢያዝ ልጁ ወደ ጦር ሜዳ፣ እሱ ወደ ወህኒ መውረዳቸው ነው። እናታቸው ለተጊዮርጊስ ያለ ጧሪ ትቀራለች።

ጽሕፈቱን አወቀው። እንዴት አያውቀው! በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ያስቆጠረው እሱ ራሱ ነው። ወረቀቱ የስኳር መጠቅለያ፣ ጠማማ ፊደሎቹ የባለ ሻይ ቤቱ የያሕያ። ያሕያ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ሲሆን በዕቃ አጠባ ውሃ ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ሁለት ዓመት አልፏል። ያ እጣቢውን ወደዚህ ግቢ ይለቃል፤ ይህ ቦዩን በድንጋይ ይደፍናል፤ ሽማግሌ ቢገባም አልታረቁ።

«እጄን በቆረጠው! እኔው ባስተማርኩት ፊደል!» አለ ገብረአብ፤ ወረቀቱን ቀዳዶ አቃጠለው። ወንድሙንም ወዲያው ወደ ጎተራው አዛወረው።

ቅዳሜ ማለዳ የአብዮት ጥበቃዎች የብረት ዘንግ ይዘው ከተፍ አሉ። ፍተሻ ሲወጡ ለጸሐፊም አይነግሩም። ጭዱን ወጋጉት፤ ምንም የለም። ለይስሙላ ይመስላል፣ የሁለት ሦስት ጎረቤት ጭድም ወጋግተው ሄዱ።

«ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ፤ ታዲያ ማን ነገራቸው?» አለ ገብረአብ።

«ከያሕያ አግዳሚ ላይ መቼ ይነሱና!» አለች እናቱ። «በወረቀት ያልሆነለትን በአፉ ጨረሰዋ!»

እውነቷን ነው፤ ጥበቃዎቹ ዓርብ ጠዋት እዚያ ተኮልኩለው ሻይ ሲጠጡ ያላየ የለም።

በቀጣዩ ወር ሌላ መጣ። «ነገ ጎተራ ይከፈት። ባዶ የተባለ ሁሉ ባዶ አይደለም።» ዘርአ ዳዊት ወደ ገደሉ ዋሻ ወረደ፤ በማግስቱ ጎተራው ተከፈተ። ቀጥሎ «ነገ ዋሻዎቹ ይታዩ» የሚል መጣ። ልጁ እያሳለ ወደ ጭዱ ተመለሰ፤ ዋሻው ተፈተሸ።

«ይጫወትብኛል!» አለ ገብረአብ ጥርሱን እያፋጨ። «ስሜን ያልጻፈው እርር ብዬ እንድሞት ነው። ድመት አይጥ ስትይዝ መች ቶሎ ትበላለች!»

«እና እጅህን አጣጥፈህ ልትበላለት ነው? ሳይቀድምህ ቅደመዋ!»

ቀደመ። በግራ እጁ «ያሕያ የወንበዴ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ በአብዮቱም ይሳለቃል» ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣው፣ ከካድሬው ክምር አናት ላይ አኖረው።

ያሕያን ማክሰኞ ወሰዱት። ሚስቱ ኡሙሀኒ «ያ ረቢ! ምን አደረገ?» እያለች ተከተለች። ያሕያ ገብረአብ ደጃፍ ሲደርስ ቆም አለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አፉን ሲከፍትለት የመጀመሪያው ነበር።

«ገብረአብ፣ እንግዲህ አንተን አላህ ይጠብቅህ።»

«ለራስህ ጸልይ!» አለው ገብረአብ፤ ጀርባውን ሰጠው። የጠላት ቅስም ሲሰበር እንዴት ደስ ይላል! ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ዓርብ ሳጥኑን ከፈተ። ሁለት የዶሮ ስርቆት፣ አንድ ቡዳ፤ ሌላ ምንም የለም። እፎይ! ቤቱ ሄዶ ወንድሙን ከጭዱ አወጣው።

«ና ውጣ፤ ከእንግዲህ የሚያሳጣን የለም። ዛሬ እንደ ሰው መደብ ላይ ትተኛለህ።»

ለተጊዮርጊስ የልጇን ፀጉር ከጭድ እየለቀመች አለቀሰች። ዘርአ ዳዊት እግሩን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ተኛ።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተበረገደ። ጥበቃዎቹ ልጁን ከነጋቢው መደቡ ላይ ያዙት። እናቱ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ረግጠዋት አለፉ። አለቃቸው ወልደተንሣኤ የገብረአብን እጅ ወደ ኋላ አጠፈው። ከጸሐፊው ቤት ኮብላይ አገኛለሁ ብሎ አላሰበም ነበርና እሱም ደንግጧል።

«የጠቆመብኝ ያሕያ ነው አይደል?» ብሎ ጮኸ ገብረአብ። «እስር ቤት ሆኖም አልተወኝም አይደል?»

«ኧረ ማንም አልጠቆመብህ፤ ነገ ምን እንፈትሽ ብለን ዓርብ ዓርብ የምንመክረው ያሕያ ሻይ እየቀዳልን ነበር፣ ትናንት ግን ቤቱ ተዘግቶ ብናገኘው መንገድ ላይ ቆመን መኝታ መኝታውን እንይ ተባባልን» አለ ወልደተንሣኤ፣ ገመዱን እያጠበቀ።