ከጭረት የሚብሰው

ልጇ ከእጮኛው ጋር በተከራያት የሽርሽር ጀልባ ላይ ተሳፍሯል። እናትየዋ ግን የጀልባዋን ገመድ ጨብጣ አልለቅም አለች።

«መያዣውን ከፈልኩ እኮ እማዬ! አንቺ ደግሞ ምን አስያዘሽ?» አላት እየሳቀ።

«አከራዩ ደህና ትመለሳላችሁ ብሎ ቢያምን መያዣ ይቀበል ነበር?»

አከራዩ ጣልቃ ገባ። «እናቴ፣ መያዣው ለጭረት ነው። ከዚያ ለሚብሰው ኢንሹራንስ አለ።»

ከዚያ ለሚብሰው! ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኢንሹራንሱ ልጄን ይመልስልኛል?»

«የጀልባዋ ነው እንጂ የሰው አይደለም፣ እናቴ።»

የልጇ ሳቅ ከአፉ ላይ ቀረ። ከመቀመጫው ሥር ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬቶች አወጣና መጀመሪያ ለእጮኛው፣ ከዚያ ለራሱ አሰረ።

«ለእማዬም አንድ አምጣላት» አለው አከራዩን። «ያለዚያ አትለቀንም።»

ውኃ ላይ ወጥታ የማታውቀው እናት ዓይኗን ጨፍና እግሯን ወደ ጀልባዋ ዘረጋች።