ራኬብ ዳቦ ስትገዛ

በ2070 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት መስማት የተሳነው ልጅ ያለበት ሰፈር ነዋሪ ሁሉ የምልክት ቋንቋ ይማራል። መስማት የተሳናት የአራት ዓመቷ ራኬብ በምልክት ማውራት ከጀመረች ወዲህ እናቷ ምንታምር ትኩስ ምሳ በልታ አታውቅም፤ ልጅቷ በጠየቀቻት ቁጥር ጉርሻዋን አስቀምጣ በእጇ ትመልስላታለች።

ዛሬ ራኬብ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ገባች። ምንታምር በሱቁ በር ጥግ ተደብቃ ታያለች። ባለሱቁ ጋሽ ዱካሞ ጣቶቻቸውን ሪህ ይዟቸዋል፤ ትምህርቱንም የጀመሩት እያጉረመረሙ ነበር። ልጅቷ ዳቦ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በእጃቸው፣ «ስንት ፍየል ልስጥሽ?» አሏት።

ራኬብ በሳቅ ፈነዳች። ምንታምር ልታርማቸው ተነሣችና የራኬብ መምህርት፣ «አንቺ አትናገሪላት፤ ራሷ ትሞክር» ያለቻት ትዝ ብሏት ቆመች።

ራኬብ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ የሽማግሌውን ጣቶች አንድ በአንድ አስተካከለች። ጋሽ ዱካሞ ደገሙት። አሁን ትክክል ነበር። ልጅቷ አጨበጨበችላቸው።

«ምንታምር፣ አይቼሻለሁ!» አሉ ጋሽ ዱካሞ ጮክ ብለው። «በይ ወደ ቤትሽ ግቢ። እኛ ጨዋታ ይዘናል።»