የስልሳ ሚሊዮኑ ጓሮ

ልጁ ከሥራ ሲገባ ጓሮው ተቆፍሯል። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

«እማ፣ ይሄን ማን ነው የቆፈረው?»

እናቱ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የሟች ባሏን ኮት ታጥባለች። «እኔ ምን አውቄ። ገበያ ነበርኩ፣ ስመለስ እንዲሁ ነው ያገኘሁት።»

«ኮቱን ባለፈው አጥበሽው አልነበር?»

«ሽታው አልለቅ አለ።»

ልጁ አካፋውን ከጥጉ አነሳና ጉድጓዱን ደፈነ። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲጭን ነው የዋለው፣ ወገቡ እምቢ እያለው ደፈነ። ለምን እንደተቆፈረ አልጠየቀም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አባትየው እዚህ ጓሮ፣ በበቆሎው መሀል፣ ጋንጃ ያበቅል ነበር። ብዙ አይደለም። የሚያፈስ ጣሪያቸውን እንኳን አላስቀየረም። ፖሊሶች መጡና ከነሥሩ ነቀሉት፣ ከነጭቃው መኪና ላይ ጫኑት። አባትየውንም ጫኑት። ማታ ራዲዮ «ግምታዊ ዋጋው ስልሳ ሚሊዮን ብር የሆነ አደንዛዥ ዕፅ ተያዘ» አለ። ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

ስልሳ ሚሊዮኑ ግን አልሞተም።

«ጭቃውንም አብረው መዝነውት ነው» ይላል ልጁ ለጠየቀው ሁሉ። «ስልሳ ሚሊዮን ያለው ሰው ጫማውን በሽቦ ይጠግናል?»

ሰው ይስቃል። ያን ያህል የተያዘበት ሰው ከዚያ በፊት ስንት ሸጧል ብሎ ያስባል፣ ገንዘቡስ የት ገባ፣ ጓሮ ቀብሮታል ይላል። ሥራ ቦታ ልጁን «ሚሊዮን» ብለው ነው የሚጠሩት።

«ሚሊዮን፣ ለእኛም ይድረሰን እንጂ» ይለዋል ፎርማኑ።

«ቢኖረኝ ጠዋት ጠዋት ያንተን ፊት አይ ነበር?»

እናቱ ፊት ግን ወሬው አይነሳም። ያነሳ ሰው ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። «ራዲዮ አፍ እንጂ ዓይን የለውም» ትላለች። «ሚዛኑ የእነሱ፣ ዋጋው የእነሱ፣ ሬሳው የእኔ።»

ሌላ ጉድጓድ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተገኘ። ቀጥሎ አጥሩ ሥር። ሁሌ ቀን ነው፣ ሁሌ እሱ ሥራ እያለ። ቆፋሪው ጠንቃቃ ነው፤ የእናቱን የጎመን መደብ አንዲት ቅጠል ሳይረግጥ ነው የሚያልፈው። አካፋውም ሁሌ ጥጉ ላይ እንደቆመ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው መካኒኩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። እጁን በዘይት በጠቆረ ጨርቅ ይጠርጋል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሰከረ እንዳትለኝ። ትናንት አባትህን አየሁት።»

«አባቴ ያለበትን አታውቅም እንዴ?»

«በእጄ አፈር ያለበስኩትን ሰውዬ። ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ሰላም ብለው ዞር አላለም።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

መካኒኩ ጨርቁን ኪሱ ከተተ። «ይቆፍራል።»

ልጁ ዞር ብሎ ጥጉ ላይ የቆመውን አካፋ አየ።

«ይልቅ እናትህን ይዘህ ከዚህ ቤት ውጣ» አለ መካኒኩ። «ገዢ ካጣህ እኔ አለሁ።»

አሃ፣ አለ ልጁ በሆዱ። ሙት አካፋ አይጨብጥም። ቤት የሚፈልግ ጎረቤት ግን ይጨብጣል።

እንደዚያም ሆኖ እቤት ሲገባ ዓይኑ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ኮት ላይ አረፈ። እጅጌው አሁንም የአባቱን ክርን ቅርፅ እንደያዘ ነው። ጫፉን ነካው። እርጥብ ነበር።

ራት ላይ እናቱ ዳቦውን መቁረስ አቃታት። መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ሳሙናው በላኝ።»

«እማ፣ አክስቴ ጋ እንሂድ። አሁን ደግሞ የቤቱን መሠረት ጀምረዋል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ወይ ይናድብሻል፣ ወይ አንድ ቀን ብቻሽን ያገኙሻል።»

«ባሌን ጥዬ የትም አልሄድም።»

«ባልሽ እዚህ የለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለች፣ ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ለምሳ ሲለቀቁ ልጁ ወደ ቤት ተነሳ። ፎርማኑ «ሚሊዮን ባንክ ሊሄድ ነው» ብሎ አሳቀበት። ልጁ የተጣለ የብረት ቁራጭ አነሳና በእግሩ እስከ ሰፈር ነጎደ። መካኒኩን ጉድጓዱ ውስጥ ሲያገኘው ምን እንደሚለው መንገዱን ሙሉ ሲያሰላ መጣ። እናቱን መትቶ ጥሏት ይሆን፣ አንቋት ይሆን፣ ያንንም አሰበ።

ሰፈር ሲደርስ ከጓሮ ድምፁን ሰማው። ድም። ድም። አካፋ ነው።

በመካኒኩ ግቢ በኩል ዞረ። መካኒኩ መኪና ሥር ተኝቷል፤ እግሮቹ ወጥተዋል፣ ያፏጫል።

ድም፣ አለ ጓሮው።

ብረቱ ልጁን እጁ ላይ ከበደው። ቀስ ብሎ በአጥሩ ክፍተት ሾለከ። ግድግዳው ሥር ከወገብ በላይ የሚታይ ሰው አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ኮቱ ያው ኮት ነው። ባርኔጣውም ያው። አካፋው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አፈሩ ከጎመኑ ማዶ በጥንቃቄ ይከመራል። ከላይ የግድግዳው ስንጥቅ ክንድ ያስገባል።

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። «አባባ» የሚል ድምፅ ከአፉ ወጣ፣ የሕፃን ልጅ ድምፅ።

አካፋው ቆመ።

«አባትህ አይደለም» አለች እናቱ፣ ላቧን በኮቱ እጅጌ እየጠረገች፤ «ና ውረድና አግዘኝ፤ ራዲዮ ዝም ብሎ ስልሳ ሚሊዮን አይልም።»