አምስት መታጠቢያ ቤት

ሰውየው የሠራው ቤት አምስት መታጠቢያ ቤት ነበረው፤ ግን አንዱ ሲከፈት የሌሎቹ ውኃ እንደ ክር ይቀጥናል። ይህን ውርደት ይዞ ቤቱን ማስመረቅ ስላልሆነለት፣ ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ሥር ትልቅ ፓምፕ አስገጠመ።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ግፊት ይጨምራል እንጂ ውኃ አያመጣም» አለው የቧንቧ ሠራተኛው። «ፈረቃችሁ በሳምንት አንዴ ነው። ሁሉንም ባንድ ላይ እንዳይከፍቱ።»

«አንተ ቧንቧህን እሰር፤ ለቤቴ እኔ አለሁ።»

በምረቃው ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ጎረቤቱን እትዬ ደብሪቱን ጠራቸው። «እነዚህን ቢጫ ጀሪካኖች ከደጅ ያንሱልኝ፤ እንግዳ አለብኝ። ይሄ ሰፈር እስከ መቼ በጀሪካን ይኖራል? የእኔን ቤት ግፊት ቢያዩ ያፍሩ ነበር።»

እትዬ ደብሪቱ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ አስገቡ።

እንግዳው ሲሰበሰብ ሰውየው ቤቱን አስጎበኘ። በደረሰበት ሁሉ ሻወሩን እየከፈተ፣ ሳይዘጋ ወደሚቀጥለው አለፈ። አምስቱም ባንድ ላይ ሲያስገመግሙ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ምግቡ ቀርቦ ሰባ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ሲሰለፍ ግን ፓምፑ ባዶውን አጓራ፤ ከቧንቧው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወደ አጥሩ ሄደ።

እትዬ ደብሪቱ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ፤ እንግዳውን ሁሉ በጆግ አስታጠቡ። በመጨረሻ እሱም እጁን ዘረጋ። ቀስ አድርገው አፈሰሱለት።

«ግፊቱ ይበቃሃል ልጄ» አሉት፣ «ወይስ ጆጉን ከፍ ላድርግልህ?»