የመረጋጊያዋ በር

ልጆቼ፣ አሜሪካ ዱሉት ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን ቁጣቸው ላስቸገራቸው ልጆች የተለየ ማዕከል አለን። እዚያም መረጋጊያ የምንላት መስኮት የለሽ ትንሽ ክፍል አለች። ደንባችን አንድ ነው፤ ልጁ "ተረጋግቻለሁ" ካለ በሩ ወዲያው ይከፈትለታል።

የዚያን ቀን የዘጠኝ ዓመቷ ማርሊ ወንበር በመወርወሯ መረጋጊያዋ ውስጥ ገባች። ብዙም ሳትቆይ "ሚስ ቨርና፣ ተረጋግቻለሁ!" ስትል ተጣራች።

ሞግዚቷ ቨርና ምሳዋ እንዳይቀዘቅዝባት ብላ "ድምፅሽ ገና ቁጡ ነው፣ የኔ እመቤት" አለቻት።

ባልደረባዋ ዱዌይን "በሾርባ ሰዓትማ የሚረጋጋ ልጅ የለም!" ብሎ ሳቀ።

ልጅቷ ደጋግማ ለመነች፤ በመጨረሻም ዝም አለች።

ቨርና ሳህኗን አጥባ ስትከፍትላት ማርሊ ፊቷ በእንባ ርሶ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ብስኩት መብላት ጀመረች። ቨርና አጠገቧ ተንበርክካ "አጠፋሁ የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

ያኔ ከመረጋጊያዋ ውስጥ "ሚስ ቨርና፣ ተረጋግቻለሁ" የሚል የማርሊ ድምፅ መጣ።

ማርሊ አፏ በብስኩት እንደተሞላ ነው። ዱዌይን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቨርና ሮጣ በሩን ከፈተች፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ስትዘጋው ድምፁ እንደገና መለመን ጀመረ።

"ማናት እሷ?" አለች ቨርና ወደ ማርሊ ዞራ።

ማርሊ ብስኩቷን ዋጥ አደረገችና ቀስ ብላ መለሰች፤

"እኔ ነኛ። እስካሁን አልከፈቱልኝም እኮ።"