ለገበያ የሚሆን መጨረሻ

ፊፊ ኦቱ ሰኮንዲ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ ደራሲዎችን ያሠለጥናል። አጻጻፍ ሳይሆን አሻሻጥ ያስተምራል ቢባል ይሻላል። ከወደቡ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ተማሪዎቹን ይሰበስብና፣ «ደራሲ ብቻ ሆናችሁ አትቅሩ፤ ሱቅ ሁኑ! ሱቅ ደግሞ በሩ ላይ የሚሰቀል ነገር ይፈልጋል» ይላቸዋል። የመምህርነት ሥራውን የተወው ለዚህ ነው።

እሱ በሩ ላይ የሰቀለው አራባን ነበር።

አራባ ዓሣ እያጨሰች የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏን ኤቦን ባሕር ወስዶባት አስከሬኑም ሳይገኝ ሲቀር ሐዘኗን ጻፈች። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚያልቀው ዳርቻው ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ፊፊ የመጨረሻውን ምዕራፍ በቀይ ሰርዞ መለሰላት።

«መጠበቅ አይሸጥም። በቀብር ጨርሺው፤ አንባቢ አልቅሶ ይውጣለት።»

እንዳላት አደረገች። መጽሐፉም በዳርቻው ከተሞች ሁሉ፣ ከኬፕ ኮስት እስከ አክሲም ተነበበ። ሽፋኑ ላይ ኤቦ በሠርጉ ቀን የተነሣው ፎቶ አለ፤ የመረጠው ፊፊ ነው። በምርቃቱ ዕለት የኤቦን እናት ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውም እሱ ነው። አሮጊቷ ሲያለቅሱ አዳራሹ አብሯቸው አለቀሰ፤ ያን ቀን የመጣው መጽሐፍ አልበቃም። ዓመቱ ሞልቶ አራባ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ የምትለብስበት ጊዜ ሲደርስ ፊፊ ከለከላት። ጥቁሩ መታወቂያዋ ሆኗል አላት።

አንድ ቀን ከሥልጠናው በኋላ ሳትሄድ ቀረች።

«ጋሽ ፊፊ፣ የታተመ ታሪክ ቢለወጥስ?»

«ምኑ?»

«መጨረሻው።»

«ሕዝብ አልቅሶበታል እኮ! እንባውን ልትመልሺለት ነው? እንዲህ እያልሽ ካወራሽ አታላይ ነው የሚሉሽ። እኔም አብሬሽ ገደል እገባለሁ። ይልቅ ሁለተኛውን ጻፊ።»

አራባ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለተኛውንም ጻፈች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን ችላ እንዴት እንደምትቆም የሚያስተምር መጽሐፍ።

ምርቃቱ ለማክሰኞ ተቀጠረ። በአገሩ ልማድ ማክሰኞ ዓሣ አጥማጅ ወደ ባሕር አይወጣም፤ ስለዚህ ሰው ይገኛል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ማኅበራት ከዳርቻው ከተሞች ሁሉ ይመጣሉ። ሰልፉ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ በአራባ ቤት በኩል አልፎ፣ አዳራሹ ይገባል። ከፊት የሚሄዱት የኤቦ እናት ናቸው። ይህ ከተሳካ ፊፊ ትልቅ ማሠልጠኛ ይከፍታል። ካልተሳካ ደግሞ ማንም ደራሲ ደጁን አይረግጥም፤ ወደ ጠመኔው እንዳይመለስ ከትምህርት ቤቱ የወጣው ተሳድቦ ነው።

ወሬው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አራባ ቤት ወንድ አለ።

መጀመሪያ የነገረችው ኬንኪ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የምትሸጠው ሴት ናት። «ድሮ አንድ ነበር የምትገዛኝ፤ አሁን ሁለት፣ ሲብስም ሦስት። ሐዘን ሆድ ያሰፋል እንዴ ጋሼ?» ብላ ሳቀችበት።

ፊፊ ወዲያው ጆጆን ጠረጠረ። ጆጆ አታሚው ነው። ሚስት የለውም፣ ሽቶ ያበዛል፣ የመጽሐፉን ማረሚያ ወረቀት ላድርስ እያለ አራባ ቤት ይመላለሳል።

«እኔ?» አለ ጆጆ ሲጠየቅ። «ከበር መች አሳልፋኝ ታውቃለች! ውኃ ስለምናት እንኳ ደጅ አቁማ ነው ያጠጣችኝ። እንደውም ቅር ብሎኛል።»

እንዲህ ብሎ ሳቀ። ፊፊ ሳቁን ሲያይ ጥርጣሬው ባሰበት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራባ ቤት ሄደ። ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ የእሷ መስኮቶች ግን ጥርቅም ብለዋል። ደፉ ላይ የናይለን ክር ቁርጥራጭ ተበትኗል። ፊፊ ተራምዶት ሊያንኳኳ ሲል ከውስጥ ወንድ ሲስል ሰማ፤ ሳሉም ወዲያው ታፈነ።

አራባ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«ቤትሽ ውስጥ ወንድ አለ» አላት።

ትክዳለች ብሎ ነበር።

«አለ» አለች።

በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። «ነገ እኮ ነው! ምነው አንቺ፣ ነገ እስኪያልፍ እንኳ መታገሥ አቃተሽ?»

«ልነግርዎት ሞክሬ ነበር።»

«አስወጪው። አሁኑኑ፣ በጓሮ በኩል።»

«የት ይሂድ?»

«ወደመጣበት!»

አራባ ቀና ብላ ባሕሩን አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አልቆም ብሏት እንባዋ ወረደ። «ወደመጣበት ይላሉ ጋሼ! ወደመጣበት!»

ፊፊ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እንዳይጮህ ጎረቤት አለ። ምርቃቱን እንዳይሰርዝ እንግዶቹ መንገድ ጀምረዋል። ለነገ የምትደርስ ሌላ ሐዘንተኛ ደግሞ ከየት ያመጣል? ዕድሜውን የለፋበት ነገር በአንድ ሽቶ በሚያበዛ አታሚ ሊያልቅ ነው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ተነሣና አራባን ገፍቶ ገባ። «ጆጆ፣ ውጣ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጆጆ አልነበረም። በተዘጋው መስኮት ሥር ጢሙ ያደገ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ፊፊን ሲያይ መርፌውን አስቀምጦ ቆመ፤ ጥፋት እንዳለበት ተማሪም እጁን ወደኋላ አደረገ።

ፊፊ ራሱ ለሽፋኑ የመረጠው ፊት ቀና አለና፣ «ጋሽ ፊፊ፣ ነገ እናቴ በዚህ ስታልፍ በመስኮቱ ስንጥቅ ልያት?» አለው።